የተተኮሰው እጅጌ

እኛ ቤት ሠራተኛ የሚባል ቃል የለም። አገልጋይ ነው የሚባለው። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የምናጥበው፣ የምንተኩሰው፣ የምናጥፈው ሁላችንም የእግዚአብሔር አገልጋዮች ነን ይለናል የልብስ ማጠቢያው ባለቤት። ሲያመን ከሥራ አንቀርም፤ ከአገልግሎት ነው የምንቀረው። ስናረፍድ አለቃ አይቆጣንም፤ ጌታ ነው የሚያዝንብን። ባለቤቱን ራሱን አለቃ ብሎ መጥራት ነውር ነው፤ ወንድማችን ነው የሚባለው። ፊቱ ስሆን አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ንዴቴ አንቱታውን በልቶታል፤ ደስ ካለው ይቅር ይበለኝ።

ስለ አገልግሎት እኔም የማምነው ነገር አለኝ። ኋላ እምነት የላትም እንዳልባል አስቀድሜ ልናገረው። ቦታዬ ከትልቁ የመተኮሻ ማሽን መጨረሻ ላይ ነው፤ ትኩሱን አንሶላ እየተቀበልኩ አጥፋለሁ። የሆስፒታሉን አንሶላ ሳጥፍ ለማላውቀው ሰው እጸልያለሁ፤ ዛሬ ማታ ለሚተኛበት፣ ማን ይሁን ማን። የተጨማደደ ካየሁ ተመልሶ እንዲተኮስ አደርጋለሁ፤ ጀርባው ለቆሰለ ሰው ጭምዳዱም ያመዋልና። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ የለም። ለእግዚአብሔር መሥራት ማለት ይኸው ይመስለኛል፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

ጠዋት ጠዋት ማሽኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ጸሎት አለ። በየተራ አንዳችን እንጸልያለን፤ ወንድማችን ደግሞ እየዞረ በየማሽኑ ላይ እጁን ይጭናል። ማጠቢያዎቹ ላይ፣ መጭመቂያው ላይ፣ በመጨረሻም መተኮሻው ላይ። “በደምህ ሸፍነው” ይላል፤ እኛ “አሜን” እንላለን። ክፉ ልማድ ነው አልልም። እኔም ስንት ዘመን ዓይኔን ጨፍኜ አሜን ስል ኖሬያለሁ።

መተኮሻው ሁለት ከባድ የጋሉ ሲሊንደሮች አሉት። ሁለት ሴቶች እርጥቡን አንሶላ ግራና ቀኝ ጫፉን ይዘው ወደ መግቢያው ያስጠጉለታል፤ እሱ ጎትቶ ይውጠውና በእኔ በኩል ደርቆ፣ ተተኩሶ ይወጣል። ከመግቢያው ፊት አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። ጣት ከነካው ማሽኑ ቀጥ ይላል። የተሠራው ለዚሁ ብቻ ነው፤ ማሽኑ የሰው እጅ እንዳይበላ። ይህ ዘንግ ላላና ማንም ሳይነካው ማሽኑን እያቆመ አስቸገረ። መካኒኩ መጥቶ አየውና “ይለወጥ፤ እስኪለወጥ ማሽኑ እንዳይነሳ” አለ። ወንድማችን “ሆቴሎቹስ?” አለና ዘንጉን በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ጠፍሮ አሳሰረው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ መቆሙን ተወ። ለምንም ነገር መቆሙን ተወ።

አንሶላውን ከሚያስገቡት ሁለት ሴቶች አንዷ ረጅሟ የምንላት ናት። ሌላዋ እህቴ ናት። ይህን ያህል ሴት ሆናም እኔ ሚጣዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሷ እየተነቀለ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ወደዚህ ሥራም ያስገባኋት እኔው ነኝ፤ የእግዚአብሔር ሰዎች መካከል ትሁንልኝ ብዬ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮዬ ልቀበል እጄን ስዘረጋ፣ ከአንሶላው ጋር አንድ እጅጌ ወጣ። ሰማያዊ ነው፣ ትንንሽ አበባ ያለበት። ደርቆ፣ ጥርት ብሎ ተተኩሷል። ጠዋት ሚጣዬ ስትለብሰው ያየሁት ሸሚዝ ነው። ክው አልኩ። እጅጌውን አነሳሁና ደባበስኩት፤ ውስጡ የቀረ ነገር እንዳለ ለማወቅ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የእህቴን ክንድ ፍለጋ ጨርቅ ደባበስኩ። ባዶ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ጩኸት ያወጣሁት።

ዞሬ ስደርስ ሚጣዬ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ራቁቱን ነው፤ ከመቅላት በቀር ምንም አልሆነም። ሲሊንደሩ እጅጌዋን ይዞ ሲጎትታት ሸሚዙ ያረጀ ስለነበር ከትከሻው ተቦጭቆ ቀረ። ረጅሟ ማሽኑን አጥፍታ ቆማለች። ያንን ሸሚዝ ጣይውና አዲስ ልበሺ እያልኩ ስንቴ ተጨቃጭቀን ነበር። እሺ ብላኝ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ጨርቅ አይቀደድም ነበር፤ ክንዷም አብሮ ይገባ ነበር።

እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ከልቤ ነው። በዚያው ትንፋሽም “እንግዲህ ዘንጉ ይሠራል” ብዬ አሰብኩ። ምን ያለሁ የዋህ ነኝ!

ወንድማችን ከቢሮው እየሮጠ መጣ። የሚጣዬን ክንድ አገላብጦ አየ፤ እጅጌውን ከእጄ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው። ፊቱ በራ።

“ሃሌ ሉያ!” አለ። “ምስክርነት ነው ይሄ! ጸሎታችን ሲሠራ አያችሁ?”

“ዘንጉስ?” አልኩት።

“የቱ ዘንግ?”

“ያሳሰሩት ነዋ።”

“እህቴ፣ አንቺ ዘንግ ታያለሽ፤ እኔ የጌታን እጅ ነው የማየው።”

እጅጌውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

እሁድ ሚጣዬ ጉባኤው ፊት ቆመች። በሰው ፊት አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ፣ መጀመሪያ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ በኋላ እየበረታ ተናገረች። እጅጌውን ከፍ አድርጋ ስታሳይ ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አለቀሱ። ወንድማችን ማይክሮፎኑን ተቀብሎ ስለ ማሽኑ አወራ፤ እንዴት በጸሎት እንደታጠረ፣ እሱ እንዴት ጠዋት ጠዋት እጁን እንደሚጭንበት። ስለ ታሰረው ዘንግ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሲያመሰግን ብቻዬን እሳት ጎርሼ መቀመጤ ራሱ አናደደኝ።

ሰኞ መካኒኩ ማንም ሳይጠራው መጣ። የእጅጌውን ወሬ ሰምቷል። መለዋወጫውን ከየትም ብሎ ፈልጎ አግኝቶ በእጁ ይዞታል።

“አሁን?” አለው ወንድማችን። “ከዚያ ሁሉ ምስክርነት በኋላ? እሁድ ጌታ ይጠብቀናል ብለን ሰኞ ማሽን ብናስፈታ ምን እንባላለን? ያላመንን አይመስልም?”

መካኒኩ እጁን በአፉ ጫነ። እኔም በቆምኩበት ደሜ ፈላ። መጀመሪያ ምክንያቱ ሆቴል ነበር፤ አሁን እግዚአብሔር ሆኖ አረፈው። ሆቴሉ ይሻል ነበር፤ ሆቴል ደውለው ትንሽ ታገሡን ይሉታል። እህቴን ከሞት ያተረፋትን አምላክ ወስዶ በመለዋወጫ ዕቃ ፋንታ ማሽን ላይ ገጠመው! ይህን ያደረገ ሰው ደግሞ ከሁላችን በላይ አምኛለሁ ይላል። መካኒኩ ዕቃውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ እኛን በየተራ እያየ ወጣ።

ለምሳ ስንወጣ ሚጣዬን ግቢው ውስጥ ከተሰጡት ፎጣዎች ኋላ ያዝኳት።

“ከዚያ ማሽን ላይ ተነሺ። ማጠቢያው ጋ አዛውሩኝ በያቸው።”

“እትዬ ደግሞ! እንደዚያ ብዬ መስክሬ አሁን ልፍራ?”

“ፍሪያ! እጅ ያለው ሰው ይፈራል።”

“ጌታ እኮ አድኖኛል።”

“አድኖሻል፣ መቼ ካድኩ? ግን ያዳነሽ እንድትሸሺ ቢሆንስ?”

የአንዱን ፎጣ ጫፍ ይዛ “በሕይወቴ ሰው ተነስቶ ያጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው” አለችኝ። “እሱንም አትውሰጂብኝ፣ እትዬ።”

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? በእሷ ልቆጣ አልቻልኩም። የልጅቷን ደስታ ከዘንጉ ጋር አንድ ላይ ጠፍሮ ያሰረው እሱ ነው፤ አንዱን ፍቺ ብላት ሌላውም የሚፈታ እየመሰላት ነው። ከሰዓት ተመልሰን ገባን። አንሶላ በወጣ ቁጥር ከማጠፌ በፊት ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳለ አያለሁ። እንደዚያ እያየሁ ሰነበትኩ፤ ለሕመምተኛ መጸለዩንም ተውኩት፤ ጸሎቴ ሁሉ ለአንድ ክንድ ሆነ።

የጸሎት ተራዬ ደረሰ።

ክብ ሠርተን ቆምን። “ዛሬ የምታገለግለን እህታችን ናት” አለ ወንድማችን በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ ወደ እኔ እያመለከተ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም። ከክቡ ወጥቼ መተኮሻው ጋ ሄድኩና ቁልፉን ተጫንኩት። ማሞቂያው ቀድሞ የሚለኮስ ስለሆነ ሲሊንደሮቹ ግለዋል፤ እያጓሩ መዞር ጀመሩ። ዓይኖች አንድ በአንድ ተገለጡ።

“ምነው እህቴ? ገና እኮ አልጸለይንም።”

“አሁን እንጸልያለን። ወንድማችን፣ እጅዎን ይጫኑበት።”

ሳቀ። “መጀመሪያ ይቁም እንጂ።”

“ሚጣዬ የምትሠራበት ሲዞር ነው። ጥበቃ የሚያስፈልጋትም ሲዞር ነው።”

ሰው እያየው ነው፤ መቆም አልቻለም። ወደ ማሽኑ ተጠጋና በጎን በኩል ያለውን የቆርቆሮ ሽፋን በመዳፉ ነካ። “በደምህ…” ብሎ ጀመረ።

“እዚያ አይደለም” አልኩት። “እዚህ ጋ። እሷ በምታስገባበት በኩል።”

እጁ ከሽፋኑ ተነሳ። ወደ መግቢያው ጥቂት ሄደ፤ የሲሊንደሩ ሙቀት ሳይሰማው አልቀረም፣ ጣቶቹ ተኮማተሩ። ከዚያ ተመለሰና ኪሱ ገባ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ድል አልነበረም፤ ንዴቴ እንዲያውም ባሰ። የራሱ እጅ መሆኑን ሲያውቅማ እንዴት ፈጥኖ አወቀ!

“ይሄ ጌታን መፈታተን ነው!” ብሎ ጮኸ። ወንድማችን ሲጮኽ ሰምተን አናውቅም ነበር።

“ልክ ነዎት፣ መፈታተን ነው። ታዲያ እህቴ ከጠዋት እስከ ማታ የምታደርገው ምን ሊባል ነው?”

ረጅሟ መሬት መሬት ታያለች። ወንድማችን ጆሮው ድረስ ቀልቶ “ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እዚህ ቦታ የለሽም። ውጪ!” አለኝ።

“እወጣለሁ። አስቀድመው ዘንጉን ያስፈቱት።”

ከእኔ ፊቱን አዞረ። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ድምፁን ወደ ቦታው መልሶ፣ እህቴን አናገራት። “አንቺ ግን የጌታን እጅ በዓይንሽ ያየሽ ነሽ። ነይ እህቴ፣ ቦታሽን ያዢና ሥራ እንጀምር።”

ሚጣዬ ተንቀሳቀሰች። በቁሜ ሞትኩ። የምለውን ሁሉ ብዬ ጨርሻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ጎትቼ ላወጣት አልችልም፤ ልጅ አይደለችም። ማሽኑ ጋ ደርሳ ቦታዋ ላይ ቆመች። ዘንጉን አየች፤ የታሰረበትን ጨርቅ አየች፤ ከዚያ ወንድማችን እጁን የከተተበትን ኪስ ትኩር ብላ አየችው። የሥራ ጓንቶቿን አንድ በአንድ አወለቀችና ዘረጋችለት።

“ወንድማችን” አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ። “ዛሬ እርስዎ ቦታዬን ይያዙልኝ። አንድ አንሶላ ብቻ ያስገቡ። እኔ ቆሜ እጸልይልዎታለሁ።”

ረጅሟ ከቅርጫቱ እርጥብ አንሶላ አነሳች። አንዱን ጫፍ ራሷ ይዛ ሌላውን ወደ እሱ ዘረጋችለት። ውሃው ከጫፉ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። ሁላችንም ዓይናችንን ገልጠን ጠበቅን። ወንድማችን እጁን ከኪሱ አላወጣም።