ከወንዙ ማዶ ዜሮ የተጻፈባቸው

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በሩን መለስ አድርጉት፤ ነፋሱ አላስወራ ብሎናል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቆጣሪ ነው። ገንዘብ ቆጣሪ እንዳይመስላችሁ፤ የሰው ቆጣሪ ነው። ሥራው መንገድ ዳር ተቀምጦ ስንት እግረኛ፣ ስንት ጋሪ፣ ስንት መኪና እንዳለፈ በእርሳስ መጫር ነበር። አራት ሰረዝ ያቆምና አምስተኛውን ያጋድምባቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ እያቆመ፣ እያጋደመ ኖረ።

ሰዉ «ሚዛን» ይለው ነበር፤ አያዳላማ! አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሙ የሰፈሩን ቁጥር ከፍ ላድርግ ብሎ ሚኒባሱን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ አስቆመውና፣ «ወንድም ዓለም፣ አንተን አንዴ ቆጥሬሃለሁ፤ ነዳጅህን አትጨርስ» አለው ይባላል። ሰው በመልካም ስም ሲጠራ ደስ ይለዋል። ግን ልጆቼ፣ መልካም ስም እንደ ሸክላ ነው፤ የተሸከመው ሰው ነው የሚፈራው።

ያን ዓመት የወረዳው ምክር ቤት ጭንቅ ላይ ወደቀ። ለአንድ ትልቅ ሥራ የሚሆን በጀት መጣ፤ ጥያቄው ግን አንድ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ያስላል፤ የውኃ ቦኖው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያንጠባጥባል። ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁና በመጨረሻ ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው ከገበያው ወደ ዋናው መንገድ የሚወስደውን የአቧራ ጎዳና አስፋልት ማልበስ፤ ሁለተኛው ወንዙ ላይ ድልድይ መሥራት።

«አፍ ዳገት አይፈራም» አለ የመንገዱ መሐንዲስ ክርክሩ ሲያንገሸግሸው። «ይቆጠር። ብዙ ሰው የሚመላለስበት ይቅደም።»

«ማን ይቁጠር?»

«ሚዛን ነዋ!»

አሁን ነገሩን ልብ በሉልኝ። ያ የገበያው ጎዳና በሚዛን ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ ዘርግታ ነው የምትሠራው። አንድ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ነጭ ጨርቅ ቡኒ ሆኖ ያድራል። ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ የሠርግ ቀሚሷን ፊቷ ላይ ወርውራባት ሄዳለች።

«እንግዲህ ሚዛኑ ለአንድ ቀን እንኳ ወደ ቤቱ ያዘንብል» አለችው ሚስቱ እየሳቀች።

«እንዲህ አይባልም» ብሎ ተቆጣ።

ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ከአጥሩ ወዲያ ሰምቶ፣ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፣ ጋሼ!» አለና ሁሉም ተሳሳቁ። ሚዛንም ሳቀ። የሳቁበት ነገር ግን ጆሮው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

የገበያውን ጎዳና ሦስት ቀን ቆጠረ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት። እዚህ ላይ አንዲት ሰረዝ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ወዲህ ማዶ ባለው የወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

ወንዙ ድልድይ የለውም። በደረቅ ቀን ሰው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይሻገራል። የመጀመሪያው ቀን ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ቆጠረ። በሁለተኛው ቀን ላይኛው አገር ሲዘንብ አደረና ውኃው እንደ ጭቃ ደፍርሶ መጣ። ድንጋዮቹ ጠፉ። አንድም ሰው አላለፈም።

አላለፈም እንጂ አልመጣም አላልኩም። ከወዲያ ማዶ ሰው ይመጣል፤ ይቆማል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ውኃውን ያያል፤ ጫማውን መልሶ ያጠልቅና ይመለሳል። ቡናማ ሹራብ የለበሱ አንዲት አሮጊት ደግሞ ትንሽ ጥቅል ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስማቸውን ስለማላነሣ እማማ ማዶ ልበላቸው። ከጧት እስከ ቀትር ውኃው ይጎድል እንደሆነ እያዩ ጠበቁ። አንድ ጊዜ ቀና ሲሉ ሚዛንን አዩትና እጃቸውን አውለበለቡ። እሱም እጁን አንሥቶ አውለበለበ። ከዚያ ተነሥተው ጥቅላቸውን ይዘው ሄዱ።

ሲመሽ ቅጹን አወጣ። «ያለፈ እግረኛ» ዜሮ። «ያለፈ ጋሪ» ዜሮ። «ያለፈ ተሽከርካሪ» ዜሮ። እውነት ነው፤ ምን ውሸት አለው?

ከቅጹ ግርጌ ግን «ማስታወሻ» የሚል ሦስት ባዶ መስመር አለ። ሚዛን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያችን ቦታ ባዶ ትቷት አያውቅም። «ዛሬ ለቅሶ ስለነበረ ሰው ቀንሷል»፣ «ጋሪው የቆመው ፈረሱ አልሄድ ስላለ ነው» እያለ ይሞላታል። ያን ምሽት እርሳሱን አሾለና «ወንዙ ሞልቶ» ብሎ ጀመረ። ሚስቱ፣ ያ ነጭ ቀሚስ፣ የፀጉር አስተካካዩ ሳቅ መጡበት። ቆም አለ። ላጲሱን አወጣና ሁለቱን ቃላት አጠፋቸው። ወረቀቱ ትንሽ ሻከረ እንጂ ምንም አይታይም። በሦስተኛውም ቀን ውኃው አልጎደለም፤ እንደገና ዜሮ፣ እንደገና ባዶ።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ቀን አዳራሹ ሞላ። የሚያፏጨው ማይክራፎን እንደ ልማዱ አፏጨ። መሐንዲሱ ቁጥሩን አነበበ፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት በሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ሰብሳቢው «ድምፅ እንስጥ» አሉ። እጅ ወጣ። አሥራ አራት ለጎዳናው፣ አምስት ለድልድዩ።

የወጣው እጅ ሳይወርድ በሩ ተከፈተና ሰባት ሰዎች ገቡ። ልብሳቸው እስከ ጭናቸው ርሷል።

«ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው የተባለው። የት ነበራችሁ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ውኃው እስኪጎድል ስንጠብቅ» አለ ከፊት የቆመው የማዶው መምህር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«እንግዲህ ድምፅ ተሰጥቷል፤ የወሰነው ቁጥሩ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ሰው በወንዙ አላለፈም።»

«በምን እንለፍ?» አለ መምህሩ። «ክንፍ አለን?»

ይሄን ጊዜ እማማ ማዶ ከመምህሩ ጀርባ ብቅ አሉ። አዳራሹን ሲቃኙ ዓይናቸው ጥግ ላይ የተቀመጠው ሚዛን ላይ አረፈ። ፊታቸው በራ።

«አንተ! የወፍጮ ቤቱ ልጅ! አንተ አይደለህም እንዴ? ያን ቀን እጄን ሳውለበልብልህ አውለበለብክልኝ እኮ! ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር፤ አንተን ሳይ ነው ልቤ ቀለል ያለኝ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ልጆቼ፣ ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር። ምስጋና ነው ያወረዱበት። ከጥጉ ተነሣ።

«አይቻቸዋለሁ» አለ። «ሌሎችም ነበሩ። ቅጹ የሚጠይቀው ያለፈውን ነው። የተመለሰ የሚጻፍበት ረድፍ የለውም።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ ቅጹን ያዘጋጀሁት» አለ በዝግታ።

«ሚዛን ማለት እንዲህ ነው!» አሉ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ጎዳናው በደጃፉ እያለፈ ለሌላው መሰከረ! ጥፋቱ የቅጹ ነው። ውሳኔው ይታገድ፤ የተመለሰውም እንዲቆጠር ረድፍ ይጨመር፤ ቆጠራው ከወዲያ ማዶ ይደገም።»

ተጨበጨበለት። እያንዳንዱ ጭብጨባ ጉንጩ ላይ እንደ ጥፊ አረፈ። ግማሽ እውነት ተናግሮ ሙሉ ክብር ተቀበለ፤ እሱንም ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ጨርቅ እያራገፈች ጠበቀችው። «ተጨበጨበልህ አሉ።»

«እህ።»

«ጥፋቱ የቅጹ ነው አልክ?»

«አዎ። ረድፍ የለውም።»

ጨርቁን አጠፈች። ቀና ብላም አላየችው። «ከታች የምትሞጫጭርበት ነበር አይደል? ስለዚያ ፈረስ እንኳ የጻፍክበት?»

እርሳሱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እሷም አልደገመችውም። የሚስት ዓይን ከመሐንዲስ ዓይን ይልቃል።

በማግስቱ ውኃው ጎድሎ ስለነበር ወንዙን ተሻገረ። እማማ ማዶ «ከእኔ ቤት ሌላ የት ልታድር!» ብለው አልጋቸውን ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። እምቢ ቢል አልሰሙትም። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣና ወንዙ ሞላ። አሁን ሚዛን ከሚመለሱት ጋር ከወዲያ ማዶ ነው። ጫማቸውን ሲያወልቁ ጭቃ የገባበት ተረከዛቸውን ያያል፤ ሲመለሱ የሚያጉረመርሙትን ይሰማል። ቀድሞ ሰረዝ የነበሩት አሁን ሳል አላቸው፤ ቀልድ አላቸው። «ቆጣሪው፣ ነገም እመጣለሁና ከአሁኑ ጻፈኝ!» ይሉታል። አርባ አንድ ሰው ጻፈ። በማግስቱ ስልሳ ሦስት።

ያን ቀን ከሰዓት ከእማማ ጋር ሻይ ይዘው ተቀመጡ።

«እማማ፣ ያን ጊዜ ሲያውለበልቡልኝ ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«እህቴ ጋ ነዋ። ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር፤ የሌሊት ልብሷን ይዤላት። ታናሼ ናት። በማግስቱ ሞተች። እኔ የደረስኩት ውኃው በአራተኛው ቀን ሲጎድል፣ ከተቀበረች በኋላ ነው።» ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አንተማ ምን ታደርግ ነበር፣ የኔ ልጅ? ወንዝ አታደርቅ።»

እውነት ነው፣ ወንዝ አያደርቅም። ዝም ቢል ቀኑ ባለፈ ነበር። ሚዛን ግን ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

«እማማ፣ ቅጹ ቦታ ነበረው» አለ። «ረድፍ ባይኖረው ማስታወሻ አለው። ወንዙ ሞልቶ ብዬ ጽፌ ነበር። በላጲስ አጠፋሁት። ቤቴ ያ ጎዳና ላይ ነው።»

አንዲት ዶሮ በበሩ ብቅ አለችና አይታቸው ተመለሰች።

«አቧራው ይበዛል?» አሉ እማማ በመጨረሻ።

«ይበዛል። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት።»

«አቧራ ለሰፊ ክፉ ነው።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ባታየኝ ኖሮ እኮ ምንም አይከፋኝም ነበር። ስንቱ አያየኝም! አይተኸኝ ነው እንጂ። እጅህን አንሥተህልኝ፣ ከዚያ ዜሮ ብለህ ጻፍከኝ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል በሚዛን አፍ ውስጥ ነበር፤ ግን ቃሉን እንደዚያ ላጲስ ጥፋቱን ሊያጠፋበት የፈለገ መሰለውና አላወጣውም።

«ስንት ነበርን ያን ቀን?» አሉት።

«አልቆጠርኩም፣ እማማ።»

«እንግዲያው እርሳስህን አውጣ። እኔ አንድ። መምህሩ ሁለት። ሦስት ተማሪዎቹ፤ አምስት። ጫማ ሰፊው ስድስት። እንቁላል ልትሸጥ የወጣችው ሙሽራ ሰባት፤ ነፍሰ ጡር ናትና ሁለት በላት።»

«ቅጹ አንድ ነው የሚላት፣ እማማ።»

«ደሞ ቅጹ!» አሉ፤ ሁለቱም ሳይፈልጉ ፈገግ አሉና ወዲያው ተዉት። «እሺ፣ አንድ ትሁን። ጥርሱን የታመመው አናጢ፤ ስምንት። ተኮራርፈው መጥተው ተኮራርፈው የተመለሱት ባልና ሚስት፤ አሥር። የጤና ጣቢያው ጥበቃ፤ አሥራ አንድ። እህቴን አትጻፋት፤ እሷ ወዲያ ነበረች።»

አሥራ አንድ ሆኑ። ሁለት ጊዜ አራት ቋሚና አንድ አጋዳሚ፣ ከዚያ አንዲት ነጠላ ሰረዝ።

ቆጠራው አልቆ ሲመለስ ሚዛን በቀጥታ መሐንዲሱ ቢሮ ገባ። አዲሱን ቅጽ ሰጠውና አሮጌውን እንዲያወጣለት ለመነው። በሻከረችው ቦታ ላይ፣ «ወንዙ ሞልቶ አሥራ አንድ ሰው ተመልሷል። አውቄው ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ቤቴ በጎዳናው ላይ ስለሆነ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። መሐንዲሱ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄን ባታደርግ ማን ያውቅብህ ነበር?» አለው። «እሳቸው ያውቃሉ» አለ ሚዛን።

ከቆጠራ ሥራ ተነሥቶ የሲሚንቶ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። ምክር ቤቱ እንደገና ተሰብስቦ ለድልድዩ ወሰነ፤ ጎዳናው ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ለሁለት ወር ሰላምታ ነሣው። ሚስቱ በረንዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች፤ አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ እሱንም ያ ነው የከበደው።

ድልድዩ በዓመቱ ተሠራ። አሁን እማማ ማዶ ዝናብም ቢዘንብ፣ ውኃው ቢሞላም ባሰኛቸው ሰዓት መሻገር ይችላሉ። የሚሻገሩላት እህት ግን የለችም። ሚዛንም እስከ ዛሬ ሰው «ድልድዩን አንተ አስገኘኸው» ሲለው ወሬ ይለውጣል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ነገ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አይጠፋም። ስንት ሰው አለፈ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ወዲያ ማዶ ጫማቸውን አውልቀው፣ ውኃውን አይተው የተመለሱትን አሥራ አንድ ሰዎች አስታውሱልኝ። አደራ።