ሩቅ የተባለው ስቶክሆልም

ሄልቪ ዕድሜዋን በሙሉ «ስቶክሆልም ሩቅ ነው» እያለች ኖረች። ታናሽ ወንድሟ ታውኖ በጎረምሳነቱ ለፋብሪካ ሥራ ባሕሩን ተሻግሮ እዚያው ከቀረ ወዲህ፣ በየገናው እሱ ሄልሲንኪ ይመጣል እንጂ እሷ አንድ ቀን በሩን አንኳኩታ አታውቅም። አንዴ መርከብ ያጥወለውለኛል፣ አንዴ ድመቷን ለማን ልተዋት ትላለች። የሰበብ ድሃ አልነበረችም።

ዘንድሮ ግን ታውኖ በስተርጅና ሊያገባ ሆነ።

«እታለም፣ ምስክሬ አንቺ ነሽ። ካልመጣሽ ሌላ ሰው አልተካም» አላት በስልክ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። የአሁኑን ከቀረች ወንድሟን እንደምታጣው ገባት።

በዋዜማው በመርከብ ልትሄድ ሻንጣዋን ዘግታ ሳለ ማዕበል ተነሥቶ መርከቡ ቀረ። ጎረቤቷ ለማግስቱ ረፋድ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችላት። ጋብቻው በሰባት ሰዓት ነው።

አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ቡና መጣ። ሄልቪ ግማሹን ሳትጠጣ አስተናጋጇ ስኒውን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

«ልናርፍ ነው፣ እማማ።»

«የት?»

«ስቶክሆልም ነዋ!»

«አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው። ሰውዬው የማያውቁትን ሰው አያናግሩም በሚለው የፊንላንድ ደንብ መሠረት ማጥፋቱን አውቆ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥታ፣ ተሰልፋ፣ ታክሲ ይዛ ከተማው መሀል ስትደርስ የእጅ ሰዓቷን አየች። ሰባት ሰዓት አልፏል። ከታክሲው ወርዳ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስትሮጥ፣ ታውኖ አዲሱን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ደጁ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«አለቀ? አገባህ?» አለች እንባዋ እየቀደማት።

«ማንን?»

«ጉኔልን ነዋ!»

«ጉኔል ገና ጸጉሯን እየተሠራች ነው። ምን ሆነሻል?»

«ሰባት ሰዓት አልፏል እኮ!»

«ሄልሲንኪ ነው ያለፈው፣ እታለም። እዚህ ገና ስድስት ሰዓት ካለፈ ትንሽ ነው።»

ስዊድን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መሆኗን የማያውቅ ፊንላንዳዊ የለም። ሄልቪም ታውቃለች፤ ድንጋጤ ነው ያስረሳት። ታውኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አጠገቡ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ቡናዬን እንኳ አልጨረስኩም፣ ታውኖ።»

ሳቁን ዋጠው። «ቅርብ ነው፣ ነይ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩሽ?»

«ለምነኸኛል።»

«ታዲያ?»

«ሩቅ ስለሆነ ነው የማይመለሰው እያልኩ ነበር የምጽናናው። ቅርብ ከሆነማ… ዝም ብለህ ጥለኸኝ ሄድክ ማለት ነው።»

«እኔ ደግሞ ሩቅ ነው ስትዪ፣ ላይህ አልፈልግም ማለትሽ ይመስለኝ ነበር» አለ ታውኖ።

እጁን ያዘችው። እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደተቀመጡ ጉኔል ጸጉሯ አምሮ፣ አበባ ታቅፋ ደረሰች።

«ምነው፣ ሳንጋባ ለቅሶ ጀመራችሁ?»

ሄልቪ ተነሥታ አቀፈቻት። «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ዘገየሁ።»

ጉኔል ግራ ተጋብታ የማዘጋጃ ቤቱን ሰዓት ቀና ብላ አየች። «ኧረ ገና ነው!»

«አይ፣» አለች ሄልቪ፣ «በጣም ዘግይቻለሁ።»