ሊቶሪናዋ ስትጮህ

ወንድሜ በሺር ጊታሩን የሚቃኘው በሊቶሪና ነበር። ሊቶሪና ያቺ ከአዲስ አበባ ሰው ጭና የምትመጣው ፈጣኗ ባቡር ናት። ድሬዳዋ ጣቢያ ልትገባ ስትል ረጅም ጩኸት ትጮሃለች። በሺር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ስትጮህ የጊታሩን ጅማት ጠበቅ ላላ እያደረገ ከእሷ ጋር ያስማማል፤ ከዚያ ያንኑ ድምፅ በአፉ ይዞ ዘፈኑን ያነሳል።

«ሰው ይዋሻል፣ ፒያኖም ይዋሻል፤ እሷ አትዋሽም፣ አባዮ» ይለኛል። አባዮ እህቴ ማለቱ ነው፤ አብረውት ካደጉት የሶማሌ ልጆች የወሰደው ነው።

እናታችን ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ይነቅል ነበር። ጣቢያው በር ላይ ሳምቡሳ እየሸጥኩ አሳደግኩት። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ነገር የለም። በሺር ሲዘፍን ግን የያዝኩትን እንደያዝኩ እቀራለሁ፤ ስንት ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ተቃጥሎብኛል።

አድጎ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ፈረንጆች የሚጨፍሩበት ቤት ገባ። በኤሌክትሪክ ጊታር ያን የፈረንጅ ሮክ ይዘፍናል፤ ቃሉን እንኳ አያውቀውም። አንድ ቀን ሄጄ በመስኮት አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ሲከፍት ግሪኩም ጣሊያኑም ጭፈራውን ትቶ ቆመ። የድሬዳዋ ሙቀት በሙሉ ከእሱ ደረት የሚወጣ ነበር የሚመስለው።

መከራው ከዘፈኑ ውጭ ያለው ሰዓት ነበር። ጠዋት ጫት፣ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር በርጫ፣ ከዚያ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ፤ ጨብሲ ይሉታል። እህል የለም። ሱሪው ከታች እየሰፋ፣ እሱ ከላይ እየጠበበ ሄደ።

«ብላ እንጂ! ሳምቡሳዬ መርዝ አለበት?»

«ሽንኩርቱ ድምፄን ይዘጋዋል።»

«አረቄው ይከፍተዋል?»

«ወላሂ፣ አባዮ፣ አንቺ ዳኛ ብትሆኚ ከተማው ሁሉ ይታሰር ነበር!» ብሎ ይስቃል። ሳቁም ዘፈን ነበር።

እኔም እልኸኛ ነኝ። ጠርሙሱን ደፋሁ፤ ሌላ ገዛ። በር ቆለፍኩበት፤ በመስኮት ወጣ። ጀልዴሳ ገጠር፣ አጎታችን ዘንድ ወስጄ ከግመሎቹ ጋር ተውኩት፤ በጭነት መኪና ተሳፍሮ እኔን ቀድሞ ቤት ገባ።

አንድ ጠዋት ደም አስታወከው። ሐኪሙ ጉበቱ አልቋል አለ። አልጋ ላይ ሆኖ ሊቶሪናዋ ስትጮህ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ድምፅ ግን አይወጣውም። እንደዚያው እንዳለ ሞተ። ፂሙ እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ሸክላ ሳያስቀርጽ፣ ዛሬ ነገ ሲል ነው የቀረው። ድምፁ የነበረበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግነው አብሮ አደጉ ዐብዱላሂ በቴፕ ክር ቀድቶት ነበር። በሐዘን ዘፈን መስማት ነውር ነው፤ ጎረቤቶቼ እንኳ ሬዲዮናቸውን ዘግተውልኛል። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ሰው ሲያጽናናኝ እኔ የማስበው ያንን ክር ነበር። አለ፣ የትም አይሄድብኝም እላለሁ።

ሐዘኑ በወጣ ማግስት ዐብዱላሂ ሱቅ ሄድኩ።

«በሺርን አሰማኝ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «መቼ ትመጣለች እያልኩ ነበር፣ አባዮ! የሱን ነገር አሳምሬ ጨርሻለሁ።»

ማሽኑን ከፈተው። ክሩ ዞረ። የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ከቁርአን ያሲንን ይቀራል።

«ይሄ ማነው?»

«ሼኽ ኑርቶ ናቸው። ማሽኑን ቤታቸው ድረስ ተሸክሜ ሄጄ ነው የቀዳሁት።»

«የበሺር ዘፈንስ?»

«እሱ ላይ ነዋ የቀዳሁት! ሞቶ ሳለ ዘፈኑ ሲዘፈን ቀብሩ አይከብደውም? የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ሸክሙን ላንሳለት አልኩ። ለነፍሱ ነው።»

እንዳልሳደብ ቁርአን እየተቀራ ነው። ሻሼን አስተካክዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«እስከ መጨረሻው አዙረው።»

«ረጅም ነው እኮ።»

«አዙረው አልኩህ! ክሩ ከሼኹ ይረዝም ይሆናል፤ የበሺር ትራፊ ይኖራል።»

ያኔ ገባው። ፊቱ ጠቆረ፤ ከጎኔ ቁጭ አለ። ያሲኑ አለቀ። ከዚያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከሩቅ እንደሚዘንብ ሽሽ የሚል ብቻ። ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል፣ ሳልም ብትሆን። ክሩ አልቆ ጫፉ ጠፍ ጠፍ እያለ ባዶውን ዞረ።

«እኔኮ ወድጄው ነው» አለ ዐብዱላሂ፤ እንባው ይወርዳል።

«አውቃለሁ። እኔም በር የቆለፍኩበት ወድጄው ነው።»

ይህን ስል ሊቶሪናዋ ጮኸች። ሁለታችንም ቀና አልን። ጩኸቷ ቆመ፤ በሺር ዘፈኑን የሚያነሳበት ቦታ መጣ፤ አለፈ።

ዛሬም ጣቢያው በር ላይ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ስትጮህ ጭልፋዬን እንደያዝኩ እቀራለሁ። ደንበኞቼ፣ «ቱሪያ፣ ኧረ ተቃጠለ!» ይሉኛል። ይቃጠል።