ማንጎ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል

የአሥራ አንደኛ ቢ ተማሪዎች ሃምሳ ሁለት ናቸው። "ሚዲያ አኗኗራችንን ይለውጠዋል የምትሉ እጃችሁን አውጡ" ስላቸው አንድም እጅ አልወጣም።

"ሌላውን ሰው ይለውጣል፣ ቲቸር" አለ ባምላክ ከኋላ ወንበር። "እኛን ግን አይነካንም።"

ይህን ሲናገር ጸጉሩ ግራና ቀኙ ተላጭቶ አናቱ ላይ ብቻ ቆሞ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅም እንደዚያው። ከፊታቸው ያሉት ሦስቱም እንደዚያው። ላሳያቸው ፈልጌ ተውሁት። ሰው ፊት ቶሎ አልናገርም፤ ስናገርም ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም።

ይህ በወረቀትም ሰፍሯል። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ምክትል ርእሰ መምህሩ ጋሽ አንዳርጋቸው ቢሯቸው ጠርተው የክፍል ምልከታ ቅጹን አሳይተውኝ ነበር።

"ዕውቀቱ አለሽ፣ መምህርት ማህሌት" አሉኝ። "ክፍልሽ ግን ይተኛል። እሹሩሩ እያልሽ የምታስተኚያቸው ነው የሚመስለው። የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ለመጨረሻ ጊዜ ገብቼ አያለሁ። ክፍሉ ነቅቶ ካላገኘሁት ቋሚ ትሁን ብዬ አልፈርምም።"

ካልፈረሙ ፋሲሎ ሰፈር የተከራየኋትን ክፍል ለቅቄ ወላጆቼ ጋ ዳንግላ እመለሳለሁ። አባቴ ሱቁ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር እንዳስቀመጠልኝ እናቴ በስልክ ነግራኛለች። ለስላሳ ጨርቅም አልብሶታል አለችኝ።

ለዓርብ የደረሰኝ ትምህርት ሰው "እንዲህ ነው የሚደረገው" የሚለውን ከቤተሰቡ፣ ከጓደኞቹና ከመገናኛ ብዙኃን እንዴት እንደሚማር የሚያስረዳ ነው። በመጽሐፉ ላይ ሁለት ገጽ ተኩል ነው፤ የሚያነቃ ነገር የለበትም። ባምላክ "እኛን አይነካንም" ባይለኝ ኖሮ እኔም እሱኑ አንብቤ እወጣ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አለው። ቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፤ ይኸው ነው። በየዕረፍቱ መልካም ልደት ታስተላልፋለች፣ የጠፋ መታወቂያ ታስነግራለች። አቅራቢዋ ፀደንያ የአሥራ አንደኛ ቢ ተማሪ ናት። የእሷ ድምፅ ለሁለታችን ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት ለብቻዋ ጠራኋት።

"አንድ ውሸት ልታነቢልኝ ትችያለሽ?"

"አንድ ብቻ?" አለች።

ማንንም የማይጎዳ፣ ስለ በሽታም ስለ እምነትም የማያወራ፣ ሲያልፍ ምንም የማያጎድል ውሸት ፈለግን። ወቅቱ የማንጎ ነው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ በሳፋ ሞልተው ይሸጣሉ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍሁላት፦ "የጣና ዳር አባቶቻችንና እናቶቻችን ማንጎ ከመላጣቸው በፊት በጣታቸው ሦስት ጊዜ ያንኳኩ ነበር።"

ፀደንያ አነበበችው፣ እስክሪብቶዬን ተቀበለችኝና ከሥሩ ጨመረችበት፦ "ይህ ውብ ባህላችን እየጠፋ ነው።"

እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ኋላ እንዳየሁት ሥራውን ሁሉ የሠራው እሱ ነው።

ሰኞ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነበበ። ተማሪው ሳቀ። በር ላይ አንዳንዱ ማንጎውን ለቀልድ አንኳኳ። ማክሰኞ እንደገና ሲነበብ የሚስቀው ቀነሰ። ረቡዕ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሳያንኳኳ ሊልጥ የተነሣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጅ ላይ ማንጎውን ቀምተው ሲያንኳኩለት አየሁ።

"እናንተ የዛሬ ልጆች!" ይላሉ። "እኛ እኮ ሳናንኳኳ ብንበላ በኩርኩም ነበር።"

ልክ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

በዚያው ቀን ሁለት ወገን ተፈጠረ። ከሰባታሚት የሚመጡ ልጆች "በእኛ ሰፈር ሁለት ጊዜ ነው የሚንኳኳው" ብለው ከከተማ ልጆች ጋር ተጨቃጨቁ። ሁለት ጊዜ የሚለው ወገን ክርክሩን በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ አንዱ "ሦስት ያላችሁ ባህል በራዦች ናችሁ" ብሎ ጽፏል።

ደግነቱ አንድ ተጠራጣሪ ነበረኝ፤ ዓምደ ሚካኤል። አባቱ ከጣና ደሴቶች ገዳማት በአንዱ መሪጌታ ናቸው፤ የጥንት ነገር ሲነሣ ሄዶ እሳቸውን ይጠይቃል።

"አባቴን ጠየቅኋቸው፣ ቲቸር" አለኝ በኮሪደር አስቁሞ። "'ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ማንጎ ስበላ ያንኳኳሁት የሰው በር ብቻ ነው' አሉኝ።"

ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ሰው አጣርቷል። በእጁ ግን ማንጎ ይዞ ነበር፤ እያዋራኝ ሦስት ጊዜ አንኳኳውና መላጥ ጀመረ።

"ታዲያ አንተ ለምን ታንኳኳለህ?"

"ሁሉም እያንኳኳ እኔ ዝም ብዬ ብልጥ ምን ይሉኛል?" አለ። "ባህል የሌለው!"

ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። ከሁለቱ ገጽ ተኩል ይሻላል።

ሐሙስ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ጋሽ አንዳርጋቸው ማንጎ አነሡ። ጣታቸውን አጠፉ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

"አክስቴ እትዬ ወለተ ኪዳን" አሉ፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ ቀስ ብለው። "ጢስ ዓባይ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ስታንኳኳ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ልጆች ሆነን ዙሪያዋን ከበን እንጠብቃለን። ሦስተኛውን ስታንኳኳ እናጨበጭባለን።"

"እኛ ቤትም ይጨበጨብ ነበር" አሉ የሒሳብ መምህሩ።

ጋሽ አንዳርጋቸው ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ቀጥለውም ለትምህርት ቤቶች የባህል ቀን ሠላሳ ተማሪ አሰልፈው ማንኳኳቱን በትዕይንት እንደሚያቀርቡ፣ ለዚሁ የሚጻፈውን ደብዳቤ መነሻ ሐሳብ እያዘጋጁ መሆናቸውን ተናገሩ። ወደ እኔ ዞር ብለውም "ነገ ክፍልሽ ስገባ ስለ እንዲህ ያለው ነገር ብታስተምሪ ምንኛ ደስ ባለኝ" አሉኝ።

"እሺ" አልሁ።

ፀደንያ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ሰምታለች፤ ሳቋን ለመያዝ ደብተሯን ነክሳለች።

"ቲቸር፣ ተበልተዋል!"

"አትሳቂ።"

"እውነቱን ከነገሯቸው አይፈርሙም። ካልነገሯቸው ሠላሳችንን አሰልፈው ያስንኳኩናል። እኔ ደግሞ በቁመቴ ፊት መስመር ነኝ።"

ከሥራ ስወጣ ወደ ጣና ሐይቅ ዳር ሄድሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የትምህርት ዕቅድ ነበር፤ አንዱ ማንጎ ያለበት፣ አንዱ ማንጎ የሌለበት። የሌለበትን መረጥሁ። እውነቱን ሌላ ጊዜ፣ ቋሚ ከሆንሁ በኋላ፣ በእርጋታ አስተምረዋለሁ አልሁ። ይህን ወስኜ ልነሣ ስል ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች፣ ባልና ሚስት መሰሉኝ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ማንጎ ከፌስታል አወጡ። ሴትዮዋ ልትልጥ ስትል ሰውየው እጇን ያዛት።

"ቆይ፣ አንኳኪ እንጂ! የአገሩን ወግ አታውቂም እንዴ?"

ትምህርት ቤቱን ያልረገጡ ሰዎች ናቸው። ተመልሼ ተቀመጥሁና ማንጎ የሌለበትን ዕቅድ ቀደድሁት።

ዓርብ ጋሽ አንዳርጋቸው ቅጹን በብብታቸው፣ አንድ ፌስታል ማንጎ በእጃቸው ይዘው ገቡ። "ለትምህርት መርጃ ይሆንሻል" ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱን ራሳቸው ይዘው ኋላ ወንበር ላይ ከባምላክ ጎን ተቀመጡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ምን ነበረበት።

"ማንጎ ማንኳኳትን ከማን ተማራችሁ?" ብዬ ጀመርሁ።

እጅ በእጅ ላይ ወጣ። ከአያቴ፤ ከአጎቴ፤ ከሰፈር ሽማግሌ። አንዷ ልጅ "ማንም አላስተማረኝም፣ በደሜ ያለ ነው" አለች። ባምላክ "ከሕፃንነቴ ጀምሮ" አለ። ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። "ከሚኒ ሚዲያ" ያለ አልነበረም።

ጠመኔውን አስቀመጥሁ።

"እኔ ነኝ የፈጠርሁት" አልሁ። "ሰኞ ጠዋት።"

ድምፄ የመጨረሻው ረድፍ መድረሱን ያወቅሁት የጋሽ አንዳርጋቸው እስክሪብቶ ሲቆም ነው።

"ቲቸር ደግሞ ቀልድ ጀመሩ!" አለ አንዱ። ሌላው "ባህልን መካድ ጥሩ አይደለም" ብሎ መከረኝ። ያኔ ፀደንያ ተነሥታ በእጅ ጽሑፌ የተጻፈውን ወረቀት ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። "ይቺኛዋ መስመር ግን የኔ ናት" አለች፣ "እየጠፋ ነው" የሚለውን በጣቷ እያሳየች።

ክፍሉ ተናወጠ። ሃምሳ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። "ያቺን በደሜ ያለችውን ያዙልኝ!" ይላል አንዱ። ባምላክ "እኔማ ከመጀመሪያውም አውቄ ነው" ሲል ጓደኞቹ በደብተር መቱት። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ዞሩ።

ጋሽ አንዳርጋቸው ማንጎውን በግራ እጃቸው እንደያዙ፣ የቀኝ ጣታቸው እንደታጠፈ ነበሩ።

"መምህርት" አሉ። "ታዲያ አክስቴስ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ስታንኳኳ አይቻታለሁ እኮ። አጨብጭቤያለሁ።" ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። "ቆይ፣ ቆይ። እትዬ ወለተ ኪዳን ማንጎ በዓይኗም አትወድም ነበር። ጥርሷ ውስጥ እየገባ ያስቸግራታል።"

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም።

"እኔው ነኝ ያስቀመጥኋት" አሉ ጋሽ አንዳርጋቸው። "ደጃፉን ሠርቼ፣ ማንጎ አስይዤ፣ ልጆች ሰብስቤ።" ከዚያ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ፤ ክፍሉም ተከተላቸው። ከጎናችን ያለው ክፍል መምህር ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ ድረስ ሳቅን።

ከሰዓት ቢሯቸው ስገባ ግን አይስቁም ነበር። ቅጹ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

"ክፍሉ ነቅቷል፤ ጽፌዋለሁ" አሉ። "ነገር ግን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ዋሽተሽ ለሃምሳ ሁለት ብቻ እውነቱን ነግረሽ አትሄጂም። ሰኞ በሚኒ ሚዲያው ታስተባብያለሽ። አንቺ ራስሽ፣ በገዛ ድምፅሽ።"

"ፀደንያ ብታነበው አይሻልም?"

"አይሻልም።"

ሰኞ ማይክሮፎኑ ፊት ቆምሁ። ፀደንያ "ወደ አፍዎ ያስጠጉት፣ አይነክስም" ብላ ወጣችልኝ። ወረቀቱን ትቼ በቃሌ ተናገርሁ። ማንጎ ማንኳኳት የቆየ ባህል አለመሆኑን፣ እኔ ለትምህርት ብዬ የፈጠርሁት መሆኑን፣ ይቅርታ እንደምጠይቅ። ድምፄ ከምሰሶው ላይ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው የሌላ ሰው መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምሁት።

ከዚያ ውጤቱን ለማየት ወጣሁ። ከሰባታሚት የሚመጡት ልጆች "ሦስት ጊዜ የሚሉት ሲሸነፉ ጭራሽ የለም ማለት ጀመሩ" እያሉ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ባህልን በማስታወሴ አመሰገነችኝ፤ የሰማችው ግማሹን ነው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ድምፁ የእኔ መሆኑን አላወቁም።

"ሰማሽ ልጄ፣ ያቺን ተናጋሪ?" አሉኝ። "መቼም ወግ ማጥፋት የሚወድ አይጠፋም። ዝም በያት!"

"እሺ" አልኋቸው።

ጋሽ አንዳርጋቸው ቢሯቸው መስኮት ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ስገባ ተቀምጠው እስክሪብቶ አነሡ።

"ከክፍልሽ ልጆች ውጭ ስንት ሰው አመነሽ?"

"ሁለት ሰው።"

"እኔን ጨምረሽ?"

"እርስዎንና ራሴን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡና ፈረሙ።