የለገዳራ ድልድይ ፎቶ

ትንሿን ኮምፒውተር ሱፍያን የሰጠኝ እሱ ዘንድ ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ተማሪ ላይ ለሱቁ ብሎ የገዛት ነበረች። ስትታጠፍ ከደብተር ብዙም አትበልጥም። ማያዋ ጠባብ ስለሆነ ደንበኞች የሚጻፍላቸውን ማመልከቻ ለማየት አንገታቸውን እያሰገጉ ተማረሩ። ሁለት ፊደሎቿ ደግሞ ጠንከር ተደርገው ካልተመቱ አይጽፉም።

«ውሰዳት» አለኝ ሱፍያን። «አንተም ካልነኩህ አትናገርም፣ እሷም ካልመቷት አትጽፍም። ትስማማላችሁ።»

ሱቃችን ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ነው። ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ማመልከቻና ውል እንጽፋለን። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ፊደል አልስትም። ሰው ፊት መናገር ግን አልችልበትም። አንድ ሰው ቀና ብሎ ካየኝ የማውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋኛል። ስጽፍ እንዲህ አልሆንም። ድረ ገጽ የከፈትኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ስሙን «የዲላ ሳምንት» አልኩት። እሑድ እሑድ ሳምንቱን እጽፋለሁ፦ ስንት ቀን መብራት እንደጠፋ፣ ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው መንገድ የቱ ጋ ጭቃ እንደያዘው፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳረፈ። በሱቁ ካሜራ ያነሳሁትን አንድ ፎቶም አወጣለሁ። አንባቢዎቼ ከዲላ ወጥተው ሌላ አገር የሚኖሩ ልጆች ናቸው፤ ሃምሳ ቢሆኑ ነው። የሚልኩት አስተያየት መጀመሪያ ለእኔ ይደርሳል፤ እኔ ካልፈቀድኩ ገጹ ላይ አይወጣም።

አንድም ሳምንት ሳታስቀር የምትጽፍልኝ ውዳሴ ነበረች። ጎረቤቴ ናት፤ እስከ ስምንተኛ አብረን ተምረናል። በ2002 ሰው ቤት ለመሥራት ኩዌት ሄደች። እዚህ እያለች አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሬያት አላውቅም። ከሄደች በኋላ ግን ብዙ ተጻጻፍን።

«የእናቴን በር አንስተህ አውጣልኝ» ብላ ጻፈችልኝ አንድ ጊዜ። «በሩን ብቻ። እሷን ካነሳሃት ሳልበጠር ብላ ታሳድድሃለች።»

አነሳሁ። እናቷ እትዬ የሺሃረግ በእርግጥም አሳደዱኝ።

እትዬ የሺሃረግ መጋቢት 2004 መጀመሪያ ላይ፣ ሁለት ቀን ብቻ ታመው ሞቱ። ሬሳው ሳይወጣ የውዳሴ አባት ጋሽ ገበየሁ ከድንኳኑ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለኢየሱስ አብረዋቸው ቆመዋል።

«ያቺ ነገርህ ላይ ጻፍከው እንዴ?» አሉኝ ጋሽ ገበየሁ።

«ኧረ አልጻፍኩም፣ ጋሼ።»

«እንዳትጽፍ። ፎቶም እንዳታነሳ።»

«መርዶ በማሽን አይነገርም» አሉ ጋሽ ኃይለኢየሱስ። «መርዶ የሚነገረው ሰው ከግራ ከቀኝ ይዟት ነው። እዚያ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ሰኔ ላይ ውሏ ያልቃል፣ ትመጣለች። አንድ ሌሊት አርፋ ትደር፤ ጎህ ሲቀድ እኔ ራሴ ሰው ይዤ እሄዳለሁ።»

«ከጠየቀችኝስ?»

ሁለቱ ተያዩ። «ጠበል ሄደዋል በላት» አሉኝ ጋሽ ገበየሁ። «እኛም በስልክ እንደዚያው እንላታለን። ጠበሉ ቦታ ስልክ አይሠራም።»

ያን ቀን ካሜራውን ሱቅ ውስጥ ቆልፌበት ወደ ቀብር ሄድኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ማን እንዳረፈ የሚለውን ክፍል ሳልጽፍ ተውኩት። ሐዋሳ ያለ አንድ አንባቢ ወሬው ደርሶት «ነፍስ ይማር» ብሎ ላከ፤ አልፈቀድኩለትም። ውዳሴም ጻፈች።

«እናቴ ጠበል ሄዳለች አሉኝ። ምን ሆና ነው?»

«እግራቸውን ነው። ደህና ናቸው» ብዬ መለስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ጠየቀች፤ በሦስተኛውም ጠየቀች። ደህና ናቸው አልኳት። ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን መልስ ሦስት አራት ጊዜ አነበዋለሁ። «ናቸው» ማለት ሲገባኝ «ነበሩ» የምትል ቃል እንዳታመልጠኝ እፈራ ነበር። አላመለጠችኝም። 

የመጋቢት መጨረሻ ዝናብ በረታ። ለገዳራ ሞልቶ ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም ሲባል ካሜራውን ይዤ ሄድኩ። ውኃው ቀይ ነበር፤ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ሰዉ በድልድዩ ላይ እየተጣደፈ ይሻገራል። ያነሳሁትን በትንሿ ኮምፒውተር አየሁት። ወንዙ ጥሩ ወጥቷል። ሰዎቹ በዚያች ጠባብ ማያ ላይ ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ከሥሩ የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ አርሜ አወጣሁት።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ውስጥ የውዳሴን መልእክት ከፈትኩ።

«ፎቶውን አሰፋሁት። ከባጃጁ ኋላ የምትሻገረው እህቴ አትጠገብ ናት። ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ለማን ነው?»

እኔም ፎቶውን አሰፋሁት። አትጠገብ ናት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። የነጠላዋ ጥለት ከታች መውረድ ሲገባው ወደ አንገቷ ዞሯል። ቃሉን ሁሉ ስጠብቅ ምስሉን አልጠበቅኩትም።

ሱፍያን በትከሻዬ በኩል አየና ነገሩ ወዲያው ገባው።

«ጎረቤት ሞቶ ነው በላት።»

«ለጎረቤት ይህን ያህል ጥቁር አይለበስም።»

«ለአጎት በላ! ለአክስት!»

«አጎቷንም አክስቷንም ስልክ ትደውልላቸዋለች።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? አጥፋው! አላየሽም፣ ሌላ ሰው ነው ትላታለህ።»

አጠፋሁት። ገጹን ደጋግሜ እየከፈትኩ መጥፋቱን አረጋገጥኩ። ሌላ ሰው ናት ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ መልእክት መጣ።

«ፎቶውን አጠፋኸው። አሁን ገባኝ።»

ቀጥሎ ደግሞ፦

«ሦስት ጊዜ ደህና ናቸው ብለህ ጽፈህልኛል፣ ይርጉ። አንዲት ፊደል እንኳ አልሳትክም።»

ኮምፒውተሯን በብብቴ ይዤ ዝናቡ ውስጥ ወደ ጋሽ ገበየሁ ቤት ሮጥኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሯን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ።

«አሁን አጠገቧ ማን አለ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«አንድ ሰው የለም? አበሻ የለም?»

«አላውቅም።»

አትጠገብ ከውስጥ ወጥታ በአባቷ ትከሻ በኩል አነበበች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኳት። በዚያ በድልድይ ምን አስኬደኝ?»

«ዝም በይ» አሏት ጋሽ ገበየሁ። «ለእናትሽ ነው የለበስሽው። ለእናት ተደብቆ አይለበስም።» እኔን አላዩኝም። ኮምፒውተሯን አጥፈው መለሱልኝና «ዝናብ እንዳይገባባት» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ለውዳሴ አሠሪ ስልክ ደወሉ፤ ሥራ ላይ ናት ተባሉ። በማግስቱም እንደዚያው። በዘጠነኛው ቀን ራሷ ደወለች። ከአባቷ ጋር ሁለት ደቂቃ አወራች፤ ደህና ነኝ አለች፤ ስለ እናቷ አልጠየቀችም። እሳቸውም አልነገሯት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጋሽ ኃይለኢየሱስ «ላይገባት ይችላል እኮ» አሉ። «ልጅ ናት፤ ትጠራጠር ይሆናል እንጂ አታውቅም። ወጉ አይቀርም።» ማንም አልተከራከራቸውም። ለእኔም ከዚያ ወዲህ አንድም መስመር አልጻፈችልኝም።

ሰኔ ላይ መጣች። ከመናኸሪያ ተቀብለው እንደ ወጉ አክስቷ ቤት አሳደሯት። እናቴስ ሳትል የቀረበላትን በልታ ተኛች አሉ። ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ኃይለኢየሱስ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ሄዱ። ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች ከኋላ አሉ። እኔ የምንቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ ከሁሉም መጨረሻ ነበርኩ።

ገና ሳይንኳኳ በሩ ተከፈተ። ውዳሴ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ጥቁሩን ልብስ ከዚያው ከኩዌት ገዝታ በሻንጣዋ ይዛ ነው የመጣችው።

«ግቡ፣ ጋሼ» አለች። «ብርድ ነው።»

ጋሽ ኃይለኢየሱስ ሊሉት የተዘጋጁት ነገር ነበራቸው። «ልጄ፣ እናትሽ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። መጋቢት ነው አይደል? ቀኑን ብቻ ነው የማላውቀው።»

አትጠገብ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ጮኸች፤ ውዳሴ ያዘቻት። ሊይዟት የመጡት ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። ከዚያ አለቀሱ፤ ደረት ተመታ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ያለቀሰውን ሁሉ ታቅፋ «በቃ፣ በቃ» ትል ነበር።

እንደገና በተተከለው ድንኳን ውስጥ ወሬው እስከ ሦስተኛው ቀን ቀጠለ። «ለቅሶዋን እዚያው ጨርሳ መጣች» አለች አንዷ። «የዐረብ አገር ነገር፣ ልብ ያደነድናል» አለች ሌላዋ። «እናት እኮ ናት! ለጎረቤት እንኳ ይለቀሳል።» ውዳሴ ይህን ትሰማለች። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ለምን እንደዚህ እንደሆነች ልነግራቸው የምችለው እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲሳሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ፎቶውን ያጠፋኸው ቀን ልብስ መተኮሻ ክፍል ውስጥ ነበርኩ» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ማዳም እንዳትሰማ ማጠቢያ ማሽኑን ባዶውን ከፈትኩት። ማሽኑ አርባ ደቂቃ ነው የሚሠራው። ሲቆም እኔም አቆምኩ። ምሳ መድረስ ነበረበት።»

አንገቴን ደፋሁ።

«የቀብሩን ፎቶ አሳየኝ።»

«አላነሳሁም። ከልክለውኝ ነበር።»

«ጽፈኸዋል?»

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያ ምን አለኝ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሁሉም ቀብሯታል፤ ሁሉም አልቅሶ ወጥቶለታል። እኔ ምን አየሁ?»

«እጽፍልሻለሁ» አልኳት። «ዛሬውኑ። ሁሉንም አንድ በአንድ።»

«አልፈልግም። በጽሑፍህ አላምንም። በአፍህ ንገረኝ። ቀና ብለህ እያየኸኝ።»

ቀና አልኩ። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር፤ ደረቅ ግን ናቸው። ቃላቱ እንደ ወትሮው ሸሹኝ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ወደ እኛ ዞሩ።

«ዝ… ዝናብ ነበር» አልኳት።

«እሺ።»

«ቃሬዛውን ከፊት የያዙት ጋሽ ኃይለኢየሱስና ወንድማቸው ናቸው። ገበያው ጋ ስንደርስ ሱፍያን ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ እሱም ተቀበላቸው። ጭቃው… ጭቃው ያንሸራትት ነበር።»

«እናቴን ጣሏት?»

«አልጣሏቸውም።»

«እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው።»

መልሴን ለማመን ወይም ለመተው ፊቴን መረመረች። እኔም አቀርቅሬ መሬቱን ማየት አማረኝ፤ ግን እንደዚያ ካደረግኩ ዳግመኛ እንደማትጠይቀኝ አወቅሁ።

«ቀጥል» አለችኝ።