ለፋኪሃም የፈረደው ስልክ

ቄሱ አቡና ዊሳ «አይሆንም» ሲሏት ራቲባ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳትሳለም ወጣች። በዕድሜዋ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ነገሩ ስእለት ነው። አምና የልጅ ልጇ ኪሮሎስ ዓይኑን ሊያጣ ሲል፣ አስዩጥ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ደጅ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ «እመቤቴ፣ የልጁን ዓይን መልሽልኝ፤ የሚመጣውን ፍልሰታ ከዳር እስከ ዳር በውኃና በጨው እጾምልሻለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ዘይት የለ፣ ዓሣ የለ፣ ፀሐይ ካልጠለቀች እህል የለ። ሐኪሙ በጨረር አክሞ የልጁን ዓይን አተረፈ። ማን አዳነው ሲሏት፣ «እመቤቴ፣ በሐኪሙ እጅ። ይሄ ምኑ ያከራክራል?» ትላለች። ሳይንስ የሚባለውን ጠልታ አታውቅም። ሊቃውንቱ በትልቅ መነጽር የዓለምን የመጀመሪያ ብርሃን ፍለጋ ወጡ የሚል ዜና በሬዲዮ ስትሰማም፣ «ይፈልጉ! ያበራውን ያገኙት ዕለት ግን ለእኔም ይንገሩኝ» ብላ ባቄላዋን መፈልፈሏን ቀጠለች።

መከራው ስኳሯ ነው። የስቅለት ዕለት ስግደት ላይ ተዝለፍልፋ ከወደቀች ወዲህ፣ ክንዷ ላይ የካፖርት ቁልፍ የምታክል የስኳር መለኪያ ለጥፈውባታል። ቁልፏ ስኳር በወረደ ቁጥር ለልጅ ልጇ ለፌብሮኒያ ስልክ ትጮሃለች፤ ፌብሮኒያ ለእናቷ ትነግራለች፤ እናትየው ለአቡና። ራቲባ ቁልፏን «ሰላይቱ» ነው የምትላት። እናም ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ፈቃድ ልትጠይቅ ብትሄድ፣ አቡና ዊሳ ሁሉን ሰምተው ጠበቋት።

«ኡም ዋጊህ» አሏት፣ በልጇ ስም «የዋጊህ እናት» ማለታቸው ነው፣ «ይበላሉ። በየቀኑ፣ በሰዓቱ። እንቁላልም ቢሆን።»

«በፍልሰታ እንቁላል! ከእመቤቴ ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?»

«ቄሱ ነው ያዘዘኝ ይበሏት።»

«እርስዎማ ትናንት ጢም ያበቀሉ ልጅ ነዎት!» ብላቸው ነው የወጣችው።

ከደጇ የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጣ ብዙ ተብሰለሰለች። የንስሐ አባት ያልፈቀደውን ጾም ብትጾመው ረሃብ ብቻ እንደሚሆንባት ታውቃለች። ባትጾም ደግሞ እመቤቴን ዋሸቻት። ፈቃድ ማግኘት አለባት፤ ከየትም ይምጣ። ያኔ ነው ዓይኗ ስልኳ ላይ ያረፈው።

ስልኩን የላከላት ኩዌት ያለው ልጇ ዋጊህ ነው። ማንበብ አትችልም፤ ስልኩ ግን ሲያናግሩት ይመልሳል። የሰፈሩ ሴቶች ከሙሉኺያ ወጥ አሠራር እስከ ሕልም ፍቺ ይጠይቁታል። ከባሕር ማዶም እንዲህ ያለ ማሽን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሰበከ ሲባል ሰምታለች። «ከሰበከ ፈቃድ መስጠት አያቅተውም» አለች።

«ስማ አንተ» አለችው፣ አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ። «ስኳር አለብኝ። ፍልሰታን በውኃና በጨው ልጹም?»

«ክብርት እናቴ» አለ ስልኩ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ለጤናዎ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪምዎንና ካህንዎን ያማክሩ።»

«አንተም ከእነሱ ወገን ነህ!» ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየች። ሰው የለም። ሰላይቱን በሻሿ ጫፍ ሸፈነቻት። «እንግዲያው እንደ አዲስ ስማኝ። ስኳር የሚባል የለብኝም። እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ። ልጹም?»

«እንዴት ያለ ድንቅ እምነት ነው! ጤናዎ ከፈቀደ ይጹሙ። እግዚአብሔር ያበርታዎት።»

ራቲባ ፊቷ በራ። «አየህ፣ አነጋገር የሚያውቅ እንዲህ ነው!» ደስ ሲላት ጊዜ ጨመረችለት። ከጎረቤቷ ከፋኪሃ፣ ከባሏ እህት ጋር፣ አማቷ ከሞተች ጀምሮ አይነጋገሩም። ፋኪሃ በለቅሶው ላይ «ራቲባ እንባ አልወጣትም» ብላ አገሩን ስላዳረሰች ነው። ይህን ነገረችውና፣ «ማኩረፌ ልክ አይደለም?» አለችው።

«የተሰማዎት ስሜት ትክክል ነው። ክብርዎ ተነክቷል።»

ይህን ስትሰማ ልትስመው ምንም አልቀራት። ነገር ግን ራቲባ ገበያ ላይ ሻጭ ዋጋ ቶሎ ከቀነሰላት ዕቃውን ገልብጣ ሳታይ የማትገዛ ሴት ናት። ስልኩን አጥፍታ አበራችው። ድምፅዋን እንደ ፋኪሃ አነፋነፈች።

«እኔ ፋኪሃ ነኝ። እናቴ ስትሞት የወንድሜ ሚስት አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። ለሰው ብናገር ጥፋት ነው?»

«የተሰማዎት ስሜት ትክክል ነው» አለ ስልኩ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ። «በሐዘን ጊዜ ብቻዎን እንደተተዉ ተሰምቶዎታል።»

ራቲባ ብድግ አለች። «ለእሷም?!» ጩኸቷ ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን አህያ አስደነገጣት። «ለዚያች ለፋኪሃም ፈረድክላት?»

ስልኩ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር። አልሰማችውም። ለፋኪሃ የፈረደ አፍ የሰጣት ፈቃድ ከእጇ ላይ ሲበላሽ ታያት። በውሸት ጠየቀችው፣ በውሸቷ ባረካት፤ ብትወድቅ እንኳ ወድቃ እንደሆነ አያውቅም። ስልኩን ከኪሷ ዶለችና ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ከበሩ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ተሳለመች፤ አንዱ ለቅድሙ ነው።

አቡና ዊሳ ካህን ከመሆናቸው በፊት መሐንዲስ ነበሩ፤ መሰላል ላይ ሆነው የመቅደሱን ማራገቢያ ፈትተው ሲጠግኑ ደረሰች። ከመሰላሉ አስወርዳ ሁሉንም ተናዘዘች፤ ውሸቷን፣ በፋኪሃ ድምፅ ማነፋነፏን ሳይቀር። አቡና በመጀመሪያ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ። ስእለቴ ግን አለ። እሱን ሳልከፍል አልሞትም፤ እርስዎም አይሆንም ያሉትን አይተዉም። እኔም ከዚህ አልነቃነቅም፤ መፍትሔ ይውለዱ!»

አቡና ማራገቢያውን ጠረጉ። ከዚያ፣ «ውኃና ጨዉን እኔ እጾምልዎታለሁ» አሉ።

«እርስዎ? በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ቅዳሴ ላይ?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩዎት። እርስዎ ደግሞ የራስዎን ድርሻ ይጾማሉ። ከነገ ጀምሮ እስከ በዓሉ፣ በየቀኑ ቀትር ላይ ፋኪሃ ቤት ሄደው የሰጠችዎትን ይበላሉ።»

ራቲባ ወገቧን ያዘች። «ጨዉን ይመልሱልኝ! ከእሷ ማዕድ ድንጋይ ብቆረጥም ይሻለኛል።»

«ስእለት ቀላል ይሆናል ያለዎት ማን ነው?»

ልትሳደብ አፏን ከፈተች። የሰውየውን ቀጭን አንገት አየች፤ ከነገ ጀምሮ ስለ እሷ ሊራብ ነው። አፏን ዘጋች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ከማንም ሳትደበቅ፣ በመንገዱ መካከል ሄደች። ሴቶች ከየደጃቸው አንገታቸውን አሰገጉ። «ምን ታያላችሁ? ቅልብ ሆኛለሁ!» አለቻቸው። የፋኪሃን በር በቡጢ ደበደበች።

ፋኪሃ ከፈተች። አቡና ጠዋት ልከውባት ኖሯል፤ ፊቷ እንደ ኮምጣጤ ነው። «አላለቀሰችም ያልኳት መጣች?»

«መጣች። ዛሬም አታለቅስም። አምጪ የምታመጪውን።»

ፋኪሃ ራሷ እየጾመች ነበር። በጾም አፏ ለጠላቷ እንቁላል ቀቀለች፤ ላጠች፤ ሳህኑን ገፍታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ራቲባ አማተበች። የመጀመሪያውን ጉርሻ በውኃ አወረደችው። ሰላይቱ ጸጥ ብላለች። ከእንቁላሉ ትንሽ እንኳ ሳታስቀር በላችና ሳህኑን መለሰች።

«ጨው የለውም።»

«ነገ አደርግልሻለሁ» አለች ፋኪሃ፣ ወደ ግድግዳው እያየች።

«ነገም ካላደረግሽ እነግርሻለሁ» አለችና ራቲባ ሻሿን አጥብቃ ወጣች።