የጠርሙሷ እስረኛ

ለወረታና ለአካባቢዋ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ! አንዲት የውኃ እናት፣ ባለ አራት ክንፍ፣ ባለ ረጅም ጭራ፣ ዛሬ ጠዋት ከርብ ወንዝ ዳር ስትበር ተይዛ በአረቄ ጠርሙስ ውስጥ በቁጥጥር ሥር ውላለች።

የያዛት አዛናው ነው። ልጁን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ነክቶታል» አለች ካሳነሽ፣ በዳሱ ውስጥ ለለቀስተኛው ንፍሮ እያደለች። «በሠልስት ወንዝ ወርዶ በራሪ የሚያሳድድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል» አለቻት አጠገቧ የነበረች ሴት።

«ይስማኛ!»

አዛናው ሰምቷል። ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ የዳሱን መግቢያ ያያል። የጠርሙሱን አፍ በበቆሎ ቆሮቆንዳ ወትፎ፣ በወስፌ አንዲት ቀዳዳ በስቶለታል። የሚጠብቀው የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር፣ ያየህ የሚባለውን ነው። ለቅሶ ያልደረሰን ሰው ማንም ለቅሶ አይደርሰውም፤ ይህን ሊቀ መንበርም ይፈራል።

ከሁለት ዓመት በፊት ደረሰ የተባለው ሟች ልጁ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ቅኔ ቤት የዋለ ነውና ምላሱ አያርፍም። አንድ ቀን እንዲህ ያለችውን በጠርሙስ ይዞ ሽበታም ተማሪዎቹ ፊት አቆማት።

«ይህች ምንድን ናት?»

«ሄሊኮፕተር!» አለ አንዱ ከኋላ።

ደረሰ ሳቀ። «የኛዋ ትሻላለች፤ ነዳጇ ትንኝ ነው።»

ያየህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በማግስቱ «የአብዮቱን ሄሊኮፕተር በጠርሙስ አስሮ ተሳለቀ» የሚል ወረቀት ወደ አውራጃ ሄደ፤ ደረሰም ወረቀቱን ተከትሎ ሄደ። አዛናው «ልጄ ምን አጠፋ?» እያለ ደጅ ሲጠናው፣ ያየህ የመለሰለት አንድ ቃል ነበር፦

«አላስረዳም።»

ደረሰ ከእስር ሲመለስ ደረቱ አብሮት አልተመለሰም። «ለአርባ ሰው አንዲት ቀዳዳ ነበረችን፣ አባዬ» ይል ነበር እየሳለ። «በተራ ነው የምንተነፍስባት። እኔ ተራዬን ለሽማግሌ እለቅ ነበር። ምን ላድርግ፣ ጨዋ አድርገህ አሳደግኸኝ!»

ከቀትር በኋላ ያየህ መጣ፤ ለክብሩ ይሁን ለፍርሃቱ፣ ከአውራጃ የመጣ ካድሬ አስከትሎ።

«እግዜር ያጥናዎ፣ አያ አዛናው» አለ፤ እግዜርን ዝቅ፣ ማጥናቱን ከፍ አድርጎ።

ያየህ ሲቀመጥ አዛናው ተነሥቶ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አኖረለት።

«ምንድን ናት?» አለው።

ያየህ ሄሊኮፕተር ቢል የደረሰን ወንጀል ደገመ። የውኃ እናት ቢል፣ ሰው ያስገደለው በአንዲት በራሪ መሆኑን አመነ። የያየህ ላብ በአፍንጫው ወረደ።

«ተው አዛናው፤ ለቅሶ ቤት ነው» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን።

«ለቅሶው የኔ ነው፣ አባቴ። ይናገር።»

«የውኃ... የውኃ እናት።»

«ጮክ በል። ደረሰ ራቅ ብሎ ነው ያለ።»

«የውኃ እናት ናት!»

ካሳነሽ ንፍሮ የጨበጠ እጇ አየር ላይ ቀረ። ካድሬው ከያየህ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ።

«ይኸው አልሁ» አለ ያየህ። «እንግዲህ ይልቀቋታ። እሷ ምን አጠፋች?»

አዛናው ጠርሙሱን አነሣ። ወስፌውን ከጋቢው ሥር አወጣና ቆሮቆንዳው ላይ ሌላ ቀዳዳ በሳ። ሌላም። ሌላም። ብናኙን እፍ ብሎ አራገፈና ውታፉን መልሶ አጠበቀው።

«አላስረዳም» አለ።